ሁለት የማይነጋገሩ ወንድማማቾችና አንድ ትራክተር

የምሠራበት ቢሮ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀርባ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ ያደረባቸው አሮጌ መኪኖች እያሳሉ ሲነሱ፣ ያ በደንብ ያልነደደ የናፍጣ ሽታ በመስኮት ገብቶ ጉሮሮዬን ይይዘዋል። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ፊቱ ይፈካል፣ እኔ ግን እናደዳለሁ፤ ሻዬን አስቀምጬ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ እዘጋዋለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ስትለኝ «አይ፣ ትራክተር ትዝ ብሎኝ ነው» እላታለሁ፣ እሷም የቀለድሁ መስሏት ትስቃለች።

ትራክተሩ የአባቴና የታላቅ ወንድሙ የጋሼ ዋሴ ነበር። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ በጋፋት በኩል ሲሆን፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ቤቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠው ነበር፤ በመካከላቸው በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ የተመታበት መጠለያ ነበረና ትራክተሩ እዚያ ሥር ተዘፍዝፎ ይኖር ነበር። አያቴ በሕይወት ሳለ ከአንድ የፈረሰ የእርሻ ማኅበር አሮጌውን ገዝቶ አመጣው፣ ሊሞት ሲልም ሁለቱን ልጆቹን ጠርቶ «በጋራ እረሱበት፣ እንዳትሸጡት» ብሎ ተናዘዘ። እነሱም ትራክተር አለን ብለው በሬዎቻቸውን ሸጡ። እናቴ በሬዎቹ ከበረት የወጡ ዕለት ከልቧ አልቅሳ፣ «በሬስ ቢሞት ሥጋው ይበላል፤ ይኸ ሲሞት ምኑን ልበላው ነው?» ስትል አባቴ አላዋቂ ናት ብሎ ሳቀባት።

ጠቡ የመጣው አያቴ ከሞተ ብዙም ሳይቆይ ነው። አጎቴ ለሚስቱ ዘመዶች ሊያርስ ትራክተሩን ወደ አንበሳሜ ወሰደውና፣ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ሰነበተ፤ ሲመለስ የእኛ ማሳ በዝናብ ጨቅይቶ ጎማ የማያስገባ ሆኖ ነበር፣ በዚያም ዓመት መሬታችን ጦም አደረ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ቢያስቀምጧቸው አባቴ ተነሥቶ «ከዚህ ሰው ጋር ዳግመኛ ቃል ብለዋወጥ ኢየሱስ ይፍረድብኝ» ብሎ ማለ፣ አጎቴም ማን ከማን ያንሳል ብሎ ያንኑ ደግሞ ማለ። ሊያስታርቁ የመጡት ሽማግሌዎች የመሐላው ምስክር ሆነው ተመለሱ። የቻሉት ነገር ቢኖር ተራ ማውጣት ነበር፤ አንድ ሳምንት ለአባቴ፣ አንድ ሳምንት ለአጎቴ፣ ርክክቡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ።

በእኛ አገር የተኳረፉ ሰዎች በአንድ ግቢ ቢኖሩም ሥራ አይቆምም፤ ቃላቸው በሦስተኛ ሰው በኩል ያልፋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ በደንብ እየሰማ፣ ተናጋሪው ወደ ሦስተኛው ሰው ዞሮ «በይው» ይላል። በእኛ ግቢ ያ ሦስተኛ ሰው እኔ ነበርሁ። ታናሽ ወንድሜ ገና እናቴ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚውል ሕፃን ነበር፣ የአጎቴ ልጆችም ከሱ እምብዛም አይበልጡም። እናቴን ግን ማንም አያዛትም ነበር፤ «እኔ አልማልሁ፤ ከፈለጋችሁ አፋችሁን ክፈቱ» ብላ፣ ከአጎቴ ሚስት ጋር በአጥር ላይ እርሾ እየተቀባበለች እንደ ልቧ ታወራ ነበር።

ያን ሥራ ምን ያህል እጠላው እንደነበር ዛሬም መናገር ያቅተኛል። አባቴ «ሰንሰለቱን የት እንዳደረገው ጠይቂው» ይላል፤ አጎቴ ሰምቷል፣ ግን እኔ ዞሬ «ጋሼ፣ ሰንሰለቱን የት አድርገውት ነው ይልዎታል» እስክል ድረስ ሰማይ ሰማይ እያየ ይቆማል። ስድብ ሲኖርበት ደግሞ ዘልዬ ላልፈው እሞክር ነበር፣ አባቴ ግን «ምን ታሳጥሪያለሽ! ያልሁትን ሁሉ ንገሪው እንጂ» ብሎ ይቆጣኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ታላቅ አጎቴን በገዛ አፌ ሌባ እለው ነበር። አጎቴ ለአባቴ የሚመልሰውን ቁጣ የሚመልሰው ፊቴን እያየ ነበርና፣ ሁለቱ ሰዎች የተጣሉት ከእኔ ጋር ይመስለኝ ነበር።

በበጋ ትራክተሩ ድንጋይና እህል እየጎተተ ሲውል፣ ትልቁ ፍልሚያቸው በናፍጣ ላይ ነበር። ናፍጣው የየራሳቸው ስለሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስረካቢው ጄሪካኑን ይዞ ከትራክተሩ ሥር ይገባና፣ ከታንከሩ በታች ያለውን ብሎን ፈትቶ የተረፈውን በሙሉ ያንጠፈጥፈው ነበር። አባቴ ቁጢጥ ብሎ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ይጠብቅ ነበር፤ አጎቴ ደግሞ በዚያም አልበቃው ብሎ የጎማ ቱቦ ከትቶ በአፉ ይስብና ይተፋው ነበር። አንዲት ስኒ ናፍጣ ለወንድሙ ከምትተርፍ መሬት ላይ ብትፈስ ይሻለው ነበር፣ ያኛውም ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ክንዱን አጣምሮ፣ እስኪያልቅ ያይ ነበር። እኔ እንደ ልጅነቴ ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ገባ። አምና ማሳችን ጦም ስላደረ ያን ዓመት የኖርነው በገበያ እህል ነበር፣ እሱም እያለቀ ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ አባቴ ዓይኑን ከመሶቡ ሳያነሣ ስሜን ጠርቶ «ዘንድሮም ካልታረሰ ጥሩዬን ባሕር ዳር ለአክስቴ እሰዳታለሁ፤ እዚያ እየሠራች ትበላለች» አለ። እናቴ መሶቡን አነሣች፤ እሷ ሳትከራከር ስትቀር ነገሩ አልቆለታል ማለት ነበር። ከጎረቤት እንዲያ ተብላ የሄደች ልጅ አውቅ ነበር፤ ለፋሲካ ስትመጣ እጆቿ ተሰነጣጥቀው፣ ማንበብ ረስታ፣ ትልቅ ሴት መስላ ነበር የመጣችው። ከዚያ የጠብ ግቢ መውጣት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም፤ ፈራሁ።

አጎቴ ተራውን ጨርሶ ናፍጣውን አንጠፍጥፎ ባስረከበ ማግስት እሑድ ነበረና፣ አባቴ ሰኞ ማለዳ የራሱን ናፍጣ ሞልቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ እየጮኸ አዞረው፣ ሞተሩ ግን አልነሣም። ደግሞ ሞከረ፣ አሁንም አልነሣም። አባቴ ከመቀመጫው ላይ ሆኖ ጠራኝ።

«ጥሩዬ! ይኸ ሰው ምን እንዳደረገው ጠይቂው።»

አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ቆሟል። «ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው ይልዎታል።»

«ቅዳሜ እኔ እጅ ላይ ሳለ ደህና ነበር በይው። እሱ እጅ ሲገባ ነው የሞተው።»

ባትሪው ነው ተባለና ገመዱ ከሚታሰርበት ላይ ነጩ ዝገት በሙቅ ውኃ ታጠበ፤ መብራቱ ቦግ አለ፣ ሞተሪኖውም ከበፊቱ ይልቅ በኃይል አዞረ፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ብርዱ ነው ተባለና አባቴ ከሥሩ እሳት አነደደበት፤ እናቴ «ቆርቆሮዬን! ልታቃጥለን ነው ወይ!» ብላ በባልዲ ውኃ ደረሰች። ቁልቁል እየተንደረደረ ይነሣል ተባለና የመንደሩ ጎረምሶች ገፍተው ወደ ተዳፋቱ ለቀቁት፤ ትራክተሩ ድምፅ ሳያሰማ ተንከባሎ ሄዶ ከማሳው ጥግ ከጭቃው ውስጥ ተተከለ።

ሊያወጣው የቻለው የጎረቤት ጥማድ በሬ ብቻ ነበር። ከጥማዱ አንዱ እኛ የሸጥነው ቦራ ሆኖ ተገኘ። ሰው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ የተሸጠው በሬ የተሸጠበትን ትራክተር ሽቅብ ሲጎትተው እያየ በጋቢው ጫፍ አፉን ይይዝ ነበር፤ እናቴ ግን አልሳቀችም፣ ቦራን ግንባሩን አሸት አድርጋለት ወደ ቤት ገባች። አባቴ በዚያ ቀን የደረሰበትን ውርደት ሁሉ በአጎቴ ላይ ጫነው፤ «አስደግሞብኝ ነው በይው» አለኝ። ይኸንንማ አልተናገርሁም። አጎቴ ለካ ሰምቷል፤ ቄስ አስጠርቶ «ይኸው፣ ድግምት ካለበት ይውጣለት!» ብሎ ጠበል አስረጨበት። ጠበሉም ትራክተሩን አላስነሣውም።

እንዲህ እየተባለ ሳምንቱ ሊያልቅ ሆነ። ከጉና ተራራ በኩል ደመናው በየቀኑ እየጠቆረ ይመጣ ነበር፣ ዝናቡ አንድ ጊዜ አጥብቆ ከያዘ ማሳው እንደ አምናው እንደሚጨቀይ ሁሉም ያውቅ ነበር። የአጎቴም ማሳ ገና ግማሹ አልታረሰም፤ እሱም በሬ የለውም። ለወንድሙ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ጨንቆት፣ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ከደጃፉ ተነሥቶ መጣ።

«እስቲ ቁልፉን ያዙረው በይው» አለኝ።

አባቴ አዞረ። አጎቴ የጭስ ማውጫውን ወደ ላይ አንጋጦ እያየ ቆየ። «አንዳች ጭስ የለውም በይው። ቢያጨስ ናፍጣው ደርሶ አልነደደም ይባል ነበር። ካላጨሰ ጭራሽ አልደረሰም።»

«ወረታ ጋራዥ ስሠራ ይኸን ነው የተማርሁት በይው፤ እሱ አያስተምረኝም» አለ አባቴ፣ ግን ወርዶ መፍቻውን አነሣ።

ከናፍጣው ማጣሪያ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ ሲያደርጋት፣ አጎቴ በወዲያኛው ጎን በእጅ የምትገፋውን ትንሽ ማንሻ ገፋ፤ ከብሎኗ ሥር ናፍጣ ሳይሆን አረፋ ብቻ እየፈላ ወጣ። አየር ነበር፣ መስመሩ በሙሉ አየር ነበር። አባቴ አረፋውን እያየ ቆሞ «ይኸ ሁሉ አየር ከየት መጣ?» አለ፤ ማንንም አልጠየቀም። አጎቴም ማንንም ሳያይ «ታንከር ሲንጠፈጠፍ አየር ይስባል፤ መስመሩ ሳያረጅ ይችለው ነበር፣ አሁን አልቻለም» አለ። ሁለቱም ከግድግዳው ሥር ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ጄሪካኖች አዩና ዓይናቸውን መለሱ። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አልወጣም፤ እኔም በይው የተባልሁት ነገር አልነበረም።

አየሩን ማውጣት ግን የሁለት የሚነጋገሩ ሰዎች ሥራ ነው። አንዱ ማንሻውን ገፍቶ ሲይዝ፣ ሌላው በዚያችው ቅጽበት ብሎኗን ማጥበቅ አለበት፤ ቢዘገይ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ሁለቱ በሞተሩ ግራና ቀኝ ስለቆሙ አይተያዩም፣ እኔ ከፊት ሆኜ ሁለቱንም አያለሁ። አባቴ «ይግፋ በይው» ይላል፣ እኔ «ጋሼ፣ ይግፉ ይላል» እላለሁ፣ አጎቴ ይገፋል፤ አጎቴ «ያጥብቅ በይው» ይላል፣ እኔ ዞሬ «አባዬ፣ ያጥብቁ ይላሉ» እስክል ማንሻዋ ተመልሳ አየሩ ፉት ተብሎ ገብቷል። ደግመን፣ ደግመን፣ ደግመን ሞከርን። አባቴ «ሆን ብሎ ነው የሚለቀው በይው» አለ። አጎቴ «እጁ ፈዟል በይው» አለ። ጉና ላይ ሰማዩ ነጎደ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ባሕር ዳር፣ አክስትየዋ፣ የተሰነጣጠቀው የልጅቷ እጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ፤ ይላል ይላሉ የሚለውን ትቼ፣ አንቱታውንም ረስቼ፣ እንደ ከብት ነጂ «ግፋ!» ብዬ በአጎቴ ላይ ጮኽሁበት፣ በዚያው ትንፋሽ ወደ አባቴ ዞሬ «ዝጋ!» አልሁት። ሁለቱም ደነገጡ። ከድንጋጤያቸው የተነሣ ታዘዙ። «ልቀቅ! ክፈት! ግፋ! ዝጋ!» እናቴ በደጃፉ ላይ ሕፃኑን እንዳዘለች አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። እኔ ግን ማንንም አላፈርሁም፤ ጠልቻቸው ነበር፣ እስካሁን በሆዴ ይዤው የነበረውን ጥላቻ በሙሉ በትእዛዝ አወጣሁት። አረፋው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ናፍጣ ፊን ብሎ ወጣ።

አባቴ ዘልሎ ወጣና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያም ግቢውን እያናወጠ ተነሣ። አጎቴ ቱቦው እንዳያንጠባጥብ ሊያይ ወደ ሞተሩ እንዳጎነበሰ፣ የጋቢው ጫፍ ማራገቢያውን ከሚያዞረው ቺንጋ ላይ አረፈ፤ ቺንጋው ያዘው፣ ጋቢው በአንገቱ ዙሪያ እየጠበቀ ወደ ውስጥ ይጎትተው ጀመር።

«አያ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «አያ! ጋቢው! ጣለው!»

አጎቴ ከጋቢው ሥር ሾልኮ ወደ ኋላ ወደቀ፤ አባቴ ሞተሩን አጠፋው። አባቴ ወንድሙን አያ ብሎ ሲጠራ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ከመቀመጫው ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል፣ አጎቴ አንገቱን እየዳሰሰ ከመሬት ይነሣል፤ እኔም ልጅ ነበርሁና አሁን ተቃቅፈው ይላቀሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አጎቴ ተነሥቶ የተቦጫጨቀ ጋቢውን ከቺንጋው ላይ መዘዘው፣ አራገፈው፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረ።

«መሐላውን አፍርሷል በይው። እኔ አላፈረስሁም።»

አልነገርሁትም። «ንገሪው እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ፣ አሁንም አልነገርሁትም፤ መንገርም አያስፈልግም ነበር፣ አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ቆይቶ ቁልፉን ሲነካው ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፣ እሱም ማንንም ሳያይ ወደ ማሳው ነዳው። በዚያው ምሽትና በማግስቱ ማሳችን ታርሶ አለቀ፣ ዝናቡ አጥብቆ የያዘው ከዚያ በኋላ ነበር። ባሕር ዳር የሚለውን ነገር ዳግመኛ ያነሣብኝ ሰው አልነበረም።

ያ ማግስት ቅዳሜ ነበር፣ የርክክብ ቀን። ከሰዓት በኋላ አባቴ ትራክተሩን መጠለያው ሥር አቆመ። እኔ ከእናቴ ጋር እንክርዳድ እየለቀምሁ ነበር፤ አባቴ ጥቂት ቆመና ጄሪካኑን አነሣ። ከትራክተሩ ሥር ገባ፣ ብሎኑን ፈታ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። አሁን ምን እንደሚያስከትል ያውቅ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚያየው አጎቴም ያውቅ ነበር። እናቴ እንክርዳዱን እያየች «ወይ ሰው!» አለች።

ክረምቱ ጭጋግ ብቻ ነበር፤ የአጎቴ ማሳ ግማሹ ጦም አደረ፣ ትራክተሩም እስከ ጥቅምት አልተነሣም። የንስሐ አባታችን ለአባቴ መሐላ በማፍረሱ ስግደትና ጾም ሰጡት፤ ጠዋት ጠዋት ሲሰግድ ጉልበቱ እየተንቋቋ «እሱ በሕይወት ስለኖረ እኔ እሰግዳለሁ» እያለ ያጉረመርም ነበር፣ ስግደቱን ግን አንድም ቀን አላስታጎለም። አጎቴ የተቦጨቀውን ጋቢ አስጥፎ፣ ጥፉን በደረቱ በኩል አድርጎ፣ ሆን ብሎ እሱኑ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር።

ጥቅምት ላይ እህሉ ሲደርስ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አጎቴ ሚስቱን ማንሻውን መግፋት አስተማራት፣ አባቴም እናቴን አስተማራት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ ለብዙ ዓመታት፣ ከርክክቡ ቀጥሎ ያለው ሰኞ የሚጀምረው አየር በማውጣት ነበር፤ ባልና ሚስት በግራና በቀኝ ቆመው «ግፊ»፣ «ልቀቂ» እየተባባሉ፣ ወንድምየው ቅዳሜ ያንጠፈጠፈውን እየረገሙ። እኔን በይው የሚለኝ ሰው ቀረ። ያን ያህል የጠላሁት ሥራ ሲቀርልኝ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ ነገር ፊት አብረው የሚቆሙበት ምክንያትም አብሮ እንደቀረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አሁን ሁለቱም አፈር ሆነዋል። ትራክተሩን ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች ጭነውት ሄደዋል፣ የሚያርስ ሰው ትራክተር ሲፈልግ በስልክ ደውሎ ያስመጣል፣ አርሶ ይሄዳል። ግቢው ጸጥ ብሏል፤ የአጎቴ ልጆችና እኔ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ የሚያጣላን ነገር የለንም። በእናቴ ጀርባ ላይ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ባሕር ዳር ይኖራል፤ ከእሱ ጋር በውርስ ቤቱ ነገር ከተቀያየምን ሰነባብቷል። እኔና እሱ አልተማማልንም፣ አልተሰዳደብንም፣ ሽማግሌም አልተቀመጠብን፤ መደወል ብቻ ትተናል። እሱ ቤት የሚበላሸው ነገር እኔን አይፈልግም፣ እኔ ቤት የሚበላሸውም እሱን አይፈልግም። አባቴና አጎቴ ተጠላልተው ኖሩ፣ ሆኖም አንዱን ሲያስለው ሌላው ይሰማ ነበር። ወንድሜ አምና ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር እኔ የሰማሁት፣ ድኖ ከወጣ በኋላ፣ ገበያ ላይ ካገኘችኝ፣ እሱን ከምታውቅ እኔ ግን ከማላውቃት ሴት ነው።